ጤፍ ረከሰ ብለህ ደስ ሲልህ

አንባቢ ሆይ፤ ደመወዝ በተቀበልህ ማግሥት ወደ እህል በረንዳ ብቅ ብለህ ታውቃለህን? ታውቃለህ እንጂ። ሳምንቱን ሙሉ ብዕር ስትጨብጥ የሰነበተችውን እጅህን ወደ ጆንያው ሰድደህ ጤፉን እፍኝ ታደርግና ዐዋቂ መስለህ ታገላብጠዋለህ። ነጋዴው ግን ገና ከሩቅ በጫማህና በኮትህ ደመወዝተኛ መሆንህን ስለ ለየ፥ ዋጋውን ሲነግርህ ዓይኑን እንኳ ከሚዛኑ አያነሣም። «እንዴ! ባለፈው ወር እኮ እንዲህ አልነበረም» ትላለህ። «ያለፈው ወርማ ዐለፈ፥ ጌታዬ» ይልሃል። ከዚያ በኋላ ኪስህን እየዳበስህ ወደ ቤትህ ስትመለስ በልብህ የምትናገረውን እኔ እዚህ ሆኜ እሰማዋለሁ። «ለመሆኑ መንግሥት የት አለ? ለምን ዋጋ አይተምንም? ይህን ስግብግብ ነጋዴ ለምን ልክ አያገባውም?» ትላለህ።

እኅቴ ሆይ፤ አንቺም ጭምር ነሽ። እንዲያውም ማጀቱ በአንቺ ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ምሬቱን ከወንድምሽ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ነገሬ እንዳይንዛዛ ብቻ «አንተ» እያልሁ ብጽፍ ቅር አይበልሽ።

እኔም ደመወዝተኛ ነኝና ይህን ጩኸት አልነቅፈውም። ዳሩ ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ እወዳለሁ። አባትህ የት ናቸው? ከዚህ መጽሔት አንባቢዎች መካከል አባቱ ሞፈር ያልጨበጡ፥ አያቱ አውድማ ላይ ያላደሩ ስንት ይገኛል? እኔ የእስቴ ልጅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ ስማዳ ያርሳል፤ አክስቴ ላይ ጋይንት በደጋው ገብስና ድንች ያመርታሉ። እንግዲህ እኔ አዲስ አበባ ተቀምጬ «ጤፍ ይርከስ» ብዬ ስጸልይ፥ ወንድሜ ደግሞ ወገዳ ገበያ ላይ ጆንያውን ተደግፎ «አምላኬ፥ ዋጋውን አታውርድብኝ» እያለ ይጸልያል። ሁለታችንም አንዲት እናት የወለደችን ነን። እግዚአብሔርስ የማንኛችንን ይስማ?

አገሩን ለማታውቀው ትንሽ ልንገርህ። ከደብረ ታቦር ተነሥተህ ቻይናውያን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መሥራት በጀመሩት በወልድያ መንገድ ወደ ምሥራቅ ስትጓዝ የጉና ተራራ በስተቀኝህ ይከተልሃል። ከጉና ወዲያ በስተ ደቡብ እስቴ አለ፤ ከተማው መካነ ኢየሱስ ነው። መንገዱን ይዘህ ከቀጠልህ ደግሞ ነፋስ መውጫ ትደርሳለህ፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ብርዱን ቀምሶት መሆን አለበት። ከዚያ ወደ ደቡብ ቍልቍል ስትል ታች ጋይንት ነው፤ የወረዳው ከተማ ዓርብ ገበያ ይባላል። ከተማው ስሙን ከገበያው ቀን መውሰዱን ልብ በል፤ የዚያ አገር ሰው ከሳምንቱ ቀኖች የትኛውን በጕጕት እንደሚጠብቅ ይነግርሃል። ከዚያ ወዲያ ስማዳ ይመጣል፤ ከስማዳም በኋላ ምድሪቱ እየተሸረፈች ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ትወርዳለች። ደጋው ገብስ፥ ስንዴና ድንች፥ ወይና ደጋው ጤፍ፥ ቈላው ማሽላ ያበቅላል። መሬቱ ስንት ዘመን የታረሰ፥ ዝናሙም ቃሉን የማይጠብቅ አገር ነው።

የከተማ ሰው ገበሬ ሲባል ሁልጊዜ ሻጭ ይመስለዋል። የጋይንት ገበሬ ግን በታኅሣሥና በጥር ሻጭ፥ በሰኔና በሐምሌ ገዢ ነው። እህሉ ከአውድማ ሳይነሣ የማዳበሪያው ዕዳ፥ የመሬቱ ግብር፥ የሠርጉ ወጪ፥ የልጁ የቤት ኪራይ (ልጁማ አንተ ነህ፤ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ተከራይተህ የምትማረው) ሁሉም በአንድ ሰሞን ይመጡበታል። ስለዚህ ጎረቤቱ ሁሉ በሚሸጥበት ጊዜ እርሱም ይሸጣል፤ ሁሉም ሲሸጥ ደግሞ ዋጋው ይወድቃል። ክረምቱ ሲገባ ጎተራው ባዶ ይሆንና በጥር የሸጠውን ያንኑ እህል በሐምሌ ከነጋዴ በውድ ዋጋ መልሶ ይገዛል። ታዲያ ለዚህ ሰው የሚበጀው የእህል መወደድ ነው ወይስ መርከስ? አንተ መልስ ከመስጠትህ በፊት እርሱ «በየትኛው ወር?» ብሎ ይጠይቅሃል። እኔ እስከ ዛሬ ካየኋቸው የዋጋ ተመኖች ይህን የጠየቀ አንድ እንኳ አላጋጠመኝም።

ዋጋን በዐዋጅ መቍረጥ የእኛ ዘመን ፈጠራ እንዳይመስልህ። ዲዮቅልጥያኖስን ታውቀዋለህ፤ ስሙን በስንክሳር ሳትሰማ አላደግህም፤ ዘመነ ሰማዕታት የሚቈጠረውም እርሱ ከነገሠበት ዓመት ጀምሮ ነው። ይህ ንጉሥ ክርስቲያኖችን ማሳደድ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፥ እ.ኤ.አ. በ301፥ ከስንዴና ከሥጋ አንሥቶ እስከ ጫማና እስከ ቀን ሠራተኛ ምንዳ ድረስ ከሺህ ለሚበልጡ ነገሮች የመጨረሻ ዋጋ ወስኖ በድንጋይ ላይ አስቀረጸ። ከዚያ በላይ የሸጠ ሞት ይገባዋል አለ። በዚያው ዘመን የነበረ ላክታንትዮስ የሚባል ጸሐፊ እንደ ተረከው፥ በጥቃቅኑ ነገር ሁሉ ደም ፈሰሰ፤ ዕቃው ከገበያ ተሸሸገ፤ ውድነቱም ባሰ፤ በመጨረሻ ዐዋጁ ቀረ። የድንጋዩ ቍርጥራጭ ግን እስከ ዛሬ ይገኛል። በዚህ በኩል የእኛ ዘመን ሹማምንት ይሻላሉ፤ ዝርዝሩን የሚለጥፉት በወረቀት ነው።

በአገራችን በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1960 የእህል ኮርፖሬሽን ተቋቁሞ ዋጋን ለማረጋጋት ሞክሮ ነበር፤ የሚገዛውና የሚሸጠው እህል ጥቂት ስለ ነበረ ገበያው መኖሩን እንኳ ብዙም አላወቀለትም። እውነተኛው ተመን የመጣው ከአብዮቱ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 የእርሻ ሰብል ገበያ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ፤ ጥቂት ቈይቶም ኮታ መጣ። ይኸውም ለየገበሬ ማኅበሩ የሚያስረክበው እህል ይመደባል፤ ማኅበሩም ለየአባሉ ያከፋፍላል፤ ዋጋው ከላይ የተቈረጠ ነው። የተሰበሰበው እህል ለጦሩ፥ ለሆስፒታሎች፥ ለዱቄት ፋብሪካዎችና ለከተማ ቀበሌ ሱቆች ይታደላል። በየመንገዱ ኬላ ቆሞ እህል ከአንዱ አውራጃ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ይጠብቃል፤ ነጋዴውም በብዙ ቦታ ከሚጭነው እህል ገሚሱን ለመንግሥት በተቈረጠ ዋጋ እንዲሸጥ ይገደድ ነበር። የኮታው ዋጋ ለብዙ ዓመታት ሳይነቃነቅ ሲቀመጥ፥ በአዲስ አበባ ገበያ ያው ጤፍ ከእጥፍ በላይ ይሸጥ ነበር።

ከስማዳ አንድ አዛውንት፥ ዛሬ ሰማንያውን የተሻገሩ፥ ከጥቂት ዓመት በፊት በልቅሶ ቤት አጠገቤ ተቀምጠው ይህን አወጉኝ።

«በዚያ ዓመት ማሳዬን በረዶ መታው፥ ልጄ። ኮታውን ግን በረዶ አልመታውም።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?» አልኋቸው።

«ምን አደርጋለሁ! ሁለት ፍየል ነዳሁና ዓርብ ገበያ ወጣሁ፤ በፍየሎቹ ዋጋ ጤፍ ገዛሁ፤ የገዛሁትን ጤፍ በአህያ ጭኜ ወሰድሁና በገሚስ ዋጋ ሸጥሁላቸው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ደረሰኝ ሰጡኝ።»

ደረሰኙን እስከ ዛሬ እንዳስቀመጡት ነገሩኝ። ለምን እንዳስቀመጡት ግን አልጠየቅኋቸውም፤ የዚያ አገር ሰው የመንግሥት ወረቀት አይጥልም። እኒህ ሰው ብቻቸውን አልነበሩም። ከገበያ ገዝቶ ኮታ ማስረከብ በየክፍለ ሀገሩ የተለመደ ነገር እንደ ነበረ የጊዜው ጥናቶች ይመሰክራሉ።

እንግዲህ ይህን ሰምተህ «ተመን ሁሉ ግፍ ነው» ብለህ ለመደምደም አትቸኵል። እኔ በነበርሁበት መሥሪያ ቤት አንዲት አንጋፋ የጽሕፈት ሠራተኛ ነበሩ፤ ይህን የፍየል ታሪክ ብነግራቸው ለረዥም ጊዜ ዝም ብለው ቆዩና «እኔ ግን በኀምሳ ብር ደመወዝ አራት ልጆች ያሳደግሁት ከቀበሌው ሱቅ በማገኘው ጤፍ ነው» አሉኝ። ሌሊት በዐሥር ሰዓት ተነሥተው፥ ከረጢታቸውን በወረፋው ቦታ በድንጋይ አስደግፈው፥ ካርዳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይጠብቁ እንደ ነበረ አስታወሱ። አራቱም ልጆች ተምረዋል። አየህ ነገሩን? የስማዳው ሰው ፍየሎች በአዲስ አበባ አራት ልጆች ሆነው አደጉ። ሰውየው ግን ለእኒያ ልጆች ለመስጠት ማንም አልጠየቃቸውም፤ እናቲቱም ከማን እንደ ተቀበሉ ማንም አልነገራቸውም።

ተመን በሌላው ዓለምም ተሞክሯል፥ ያማረበትም ጊዜ አለ። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1954 ድረስ ምግብን በካርድ አድለዋል። የሠመረላቸው ግን ዋጋ ስለ ቈረጡ ብቻ አልነበረም። እህሉን ራሱ መንግሥት ይገዛ ነበር፤ ኪሳራውንም ከግምጃ ቤቱ ይከፍል ነበር፤ ገበሬውም የሚያዋጣው ዋጋ ይሰጠው ነበር። እኛ ዘንድ ግን ኪሳራው የተላከው ወደ ስማዳ ነው።

በ1982 ዓ.ም. መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚ የተባለውን ፖሊሲ ሲያስታውቅ ኮታው ተነሣ፤ ኬላውም ላላ። የበጌምድር ገበሬ በዚያ ዓመት የሰማው የመድፍ ድምፅ ከዚህ ወሬ ስለ በለጠ ብዙው ሰው የነገሩን ትልቅነት ያስተዋለው ቈይቶ ነው።

ነገር ግን ነጻ ገበያም ቢሆን በራሱ ጽድቅ አይደለም። በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. ምርት በዛ፤ በተለይ በቆሎ። ዋጋው እንዲያው ወደቀ ከምል ተንኰታኰተ ማለት ይሻላል። በቆሎ የሚበዛበት አገር ገበሬ ሰብሉን ሸጦ የማዳበሪያውን ዕዳ መክፈል አቃተው፤ የማሳጨጃው ወጪ ከእህሉ ዋጋ በልጦበት ማሳው ላይ የተወውም ነበረ። በሚቀጥለው ዓመት ማዳበሪያ የሚገዛ ቀነሰ፤ ዝናሙም ቀረ፤ በ1995 ዓ.ም. በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ እጁን ለርዳታ ዘረጋ። እስቲ አስታውስ፤ በዚያ የበቆሎ መርከስ ጊዜ «ኧረ ዋጋው በጣም ወርዷል፥ መንግሥት የት አለ?» ብሎ የጮኸ የከተማ ሰው ሰምተሃልን? እኔ አልሰማሁም። ጩኸታችን በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚከፈተው።

በ2000 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩ ተገላበጠና የእህል ዋጋ እንደ ጉም ወደ ላይ ወጣ። ገበሬው ሁሉ ጠገበ ተባለ፤ የከተማው ሰውም በቅናት ዐየው። ወደ ላይ ጋይንት፥ ወደ ታች ጋይንትና ወደ ስማዳ ብትሄድ ግን በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ነበረ። ዓመቱን የማይደርስለት ቤተ ሰብ በመንገድና በእርከን ሥራ ውሎ፥ ለአንድ ቀን 3 ኪሎ እህል ወይም ያን ይገዛል የተባለ 6 ብር ይከፈለው ነበር። ዋጋው ሲንር 6 ብሩ 6 ብር ሆኖ ቀረ፤ በዚያው ዓመት ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም እህሉን ሊደርስበት አልቻለም። ብር ይሻለናል ሲሉ የነበሩ ሰዎች «እባካችሁ በስንዴ ክፈሉን» ማለት ጀመሩ። እነዚህ ገበሬዎች ናቸው፥ አንባቢዬ። በጆንያው ከሚሸጠው ይልቅ በጣሳ የሚገዛው በሚበዛበት ቤት የእህል መወደድ ምን ማለት እንደ ሆነ ከአንተ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

አሁን እኔ በዓይኔ ወዳየሁት ልምጣ። በ2002 ዓ.ም. የንግድ አሠራርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 685 ወጣ፤ ይህም መንግሥት በመሠረታዊ ሸቀጦች ላይ ዋጋ እንዲተምን ሥልጣን ሰጠ። በ2003 ዓ.ም. ገና ዋዜማ ላይ ዘይት፥ ስኳር፥ ዱቄት፥ ዳቦ፥ ሩዝ፥ ሥጋ፥ ቢራ ሳይቀር ዐሥራ ሰባት ያህል ሸቀጦች የዋጋ ጣሪያ ተቈረጠላቸው። እኔ በዚያን ጊዜ ስሟን በማልጠራት በአንዲት ወረዳ ከተማ አዲስ ተቀጣሪ ነበርሁ። ማኅተም ያለበት ዝርዝር፥ አንድ መዝገብና አንድ እርሳስ ተሰጥቶኝ ከሱቅ ወደ ሱቅ መዞር ሥራዬ ሆነ። ኮቴ ላይ ባጅ አለ፤ ከኋላዬ አንድ ታጣቂ ይከተለኛል፤ ገና በሃያ አምስት ዓመቴ እንደዚያ ሳምንት ተከብሬ አላውቅም።

አንዲት ባለ ሱቅ፥ እናቴን የሚያህሉ፥ ዝርዝሩን አንብቤ ስጨርስ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፥ ዘይቱን እኔ ባሕር ዳር የገዛሁበትን ዋጋ ልንገርህ?» አሉኝ። ነገሩኝ። እርሳቸው የገዙበት እኔ እንዲሸጡበት ከያዝሁት ዋጋ ይበልጣል። «በዚህ ላይ ደግሞ ከወረታ እዚህ ድረስ ዘይቱ በእግሩ አልመጣም» አሉ። ምን ልመልስላቸው? የምመልሰው በዝርዝሩ ላይ አልተጻፈም። በማግሥቱ ስመለስ መደርደሪያው ባዶ ነው። «ዘይት አለ?» «የለም።» «ስኳር?» «የለም።» በከተማዪቱ ካሉት ሱቆች ሁሉ «የለም» የሚለውን ቃል እየጻፍሁ መዝገቤን ሞላሁት። ማታ ማታ ግን የቤት አከራዬ ከየት እንደ ሆነ ሳይነግሩኝ በላስቲክ ጠርሙስ ዘይት ይዘው ይገቡ ነበር፤ ዋጋውም ከተመኑ በፊት ከነበረው ይበልጥ ነበር።

ዳቦ ቤቱ ሕግ አክባሪ ነበረ። ዋጋውን በትክክል ጠበቀ፤ ዳቦው ግን ከሳምንት ወደ ሳምንት እየከሳ ሄደ። ሥጋ ቤቱም እንዲሁ ተመኑን አከበረ፤ አጥንቱንና ሥጋውን አብሮ እየመዘነ። አምስት ወር ያህል ቈይቶ ተመኑ እንደ ስኳርና ዘይት ካሉት ከጥቂቶቹ በቀር ተነሣ። ዘይትና ስኳርም ከዚያ ወዲያ በሸማቾች ማኅበርና በቀበሌ በኩል በወረፋ የሚገኙ ሆኑ። በዚያው በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ያወጣው የዋጋ ግሽበት ከ40 በመቶ በላይ ነበር። ውድነቱ ከገንዘቡ ብዛትና ከዓለም ገበያ የመጣ ሆኖ ሳለ እኔ በእርሳስ ልይዘው መላኬ ዛሬም ያስቀኛል።

እግረ መንገዴን ግን በዚያው ዓመት ስለ ወጣ ሌላ ደንብ ልንገርህ፤ ጋዜጦች ብዙም አልጮኹበትም። ደጋ አገር ያደግህ እንደ ሆነ እንቅርት የወጣባቸው እናቶችን ታስታውሳለህ። ከአዮዲን ማነስ የሚመጣ ነው። በ2003 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲገባበት በደንብ ወሰነ። በዚያ ጊዜ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለበት ጨው የተገኘው ከመቶ ቤት በ15 ያህሉ ብቻ ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ በተደረገው ጥናት፥ መጠኑ በሁሉም ዘንድ የበቃ ባይሆንም፥ ከመቶው ቤት ከ80 በላይ በሚሆነው ተገኘ። ይህ ደንብ የጠየቀው ጨዉን የሚያወጡትን ጥቂት አምራቾች ነው እንጂ በየመንደሩ ያለችውን ባለ ሱቅ አይደለም። የእኔ መዝገብና እርሳስም አላስፈለገውም። እኔ የመንግሥት እጅ በምግባችን ላይ ይኑር ከሚሉት ወገን ነኝ። እንጀራው ውስጥ ጄሶ፥ ቅቤው ውስጥ ባዕድ ነገር ሲገባ፥ ሚዛኑ ሲጎድል ያን እጅ እፈልገዋለሁ፤ አጥብቄም እፈልገዋለሁ። ተመኑ በወጣባቸው በእነዚያ ወራት ታዲያ የሚዛኖቹን ድንጋይ መርምር ብሎ የላከኝ ሰው አልነበረም።

ስለ ኬላም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በበሽሎ ማዶ በወሎ ሕዝብ በረሀብ ሲያልቅ፥ አማርትያ ሴን የተባለው የህንድ ሊቅ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፥ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም ነበር። እህል እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ ቦታ ይወጣ ነበር። የተራበው ሰው ከብቱ አልቆ፥ የሚሸጠው ጠፍቶ፥ በኪሱ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ገበያው ረሀቡን አላየውም። በዚህ ጊዜ ዋጋ ብትቈርጥ ምን ይጠቅማል? እህሉ እንዳይወጣ ኬላ ብታቆምስ ገንዘብ የሌለው ሰው በምን ይገዛዋል? ለእርሱ የሚያስፈልገው የሚገዛበት ገንዘብ ወይም እህሉ ራሱ ነው። እኛ ግን ኬላን መውደዳችን አልቀረም። በ2015 ዓ.ም. ጤፍ በአዲስ አበባ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲንር፥ ከአማራ ክልል የሚወጣው እህል በኬላ ተያዘ አልተያዘም የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት መንገድ በተዘጋ ቍጥር የእህሉ ዋጋ በሻጩ በኩል ወደ ታች፥ በገዢው በኩል ወደ ላይ ይሄዳል። በመካከሉ ያለውን ልዩነት የሚበላው ማን እንደ ሆነ መንገዱን የሚመላለሰውን ሾፌር ብትጠይቀው ይነግርሃል፤ ብቻ በለሆሳስ ነው።

«ታዲያ አንተ ምን ትላለህ? ወቅሰህ ወቅሰህ ልትተወን ነው?» እንዳትለኝ፥ በእኔና በወንድሜ መካከል ያለውን ልንገርህ። መንግሥት የጥርን ሽያጭ ወደ ሰኔ የሚያሻግር ብድርና መጋዘን በየወረዳው ቢያቆም፥ ይህ ከማንኛውም ተመን የበለጠ ዋጋን ያረጋጋ ነበር ብዬ አምናለሁ። እርሱ እስኪሆን ድረስ እኔ ለክረምት እልከው የነበረውን ገንዘብ በጥር እንድልክለት ከወንድሜ ጋር ተስማማን። በዚያ ገንዘብ የማዳበሪያውን ዕዳና ግብሩን ይከፍላል፤ ጤፉንም አይሸጥም። ጤፍ እንደ ማሽላ ነቀዝ አይበላውም፤ ደኅና ጎተራ ካገኘ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይቀመጣል። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ኩንታል አስቀመጠ፤ አንዱን ልጆቹ በክረምት በሉት፤ ሁለቱን በሰኔ መጨረሻ ወገዳ አውጥቶ ሸጠ። በስልክ ዋጋውን ሲነግረኝ ድምፁ ውስጥ ያለውን ኩራት ደበቀኝ፤ እኔም በዚያው ሳምንት እዚህ አዲስ አበባ የገዛሁበትን ዋጋ ደበቅሁት።

«ግን አንድ ነገር አለ» አለኝ ሊዘጋ ሲል።

«ምንድን ነው?»

«አይጥ ገብቶበታል። ለጥምቀት ስትመጣ ደኅና ድመት ፈልገህ ይዘህ ና፤ የዚህ አገር ድመቶች ሰንፈዋል።»